ባሕር በሌለበት አገር የሰጠመ መርከበኛ

ዋና ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ ተጠርታ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ስትደርስ አስከሬኑ ከውሃ ወጥቶ በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ቀኑ እሑድ ነው፤ መስከረም ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሸራውን ገለጥ አድርጋ አየች። ሟቹ ደማቅ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ለብሷል። ከመስጠም ያድናል የተባለ ልብስ ለብሶ የሰጠመ ሰው ከዚያ በፊት አይታ አታውቅምና ገና ከመጀመሪያው ነገሩ አናደዳት።

ሟቹ መምህር ወንዳወቅ ይባላል፤ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት በመዝናኛ መርከቦች ላይ ሠርቷል። ሥራው መርከቧ አደጋ ቢያገኛት ሦስት ሺህ መንገደኛ በየትኛው በር ወጥቶ በየትኛው ጀልባ እንደሚሳፈር ማሳየት ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ «ሰባተኛው ባሕር የመርከብ መስተንግዶና ደኅንነት ማሠልጠኛ» የሚባል ተቋም ቀጠረው። ተቋሙ የድሮ የበቆሎ መጋዘን ነው። ከአሥራ ስምንቱ ሠልጣኞች አንዱም ከአካባቢው ብር ወንዝ የሰፋ ውሃ አላየም፤ የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ግን ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ መርከብ ተስሏል። ወጣት ተስፋ ሲያጣ ለሥዕልም ይመዘገባል፤ ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ በየከተማው አይጠፋም።

ከመጋዘኑ ጀርባ ለመስኖ የተቆፈረ ገንዳ አለ። ጥልቀቱ ተደራርበው የቆሙ ሁለት ሰዎችን ያሰጥማል። ወለሉም ጎኑም ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ የተነጠፈበት ሲሆን ፕላስቲኩ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር በቅሎበታል። ሠርክአዲስ በእርጋታ ዞረችው። ዝልግልጉ ላይ ጣት የቧጠጠው መስመር ይታያል፤ ደግሞም በአራቱም ጎን። ሰውየው መውጫ ሲፈልግ ገንዳውን እየዞረ ቧጥጦታል።

ከገንዳው አፋፍ የሟቹ ሱሪና ሸሚዝ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሰዓቱ ጫማው ውስጥ ነው። ከሁሉም በላይ ንጹሕ ነጠላው ታጥፎ ተደርቧል።

ዘበኛው አያ ክንዱ አጠገቧ ቆመው ነበር። የቀኝ ትከሻቸው በጥይት የተመታ ስለሆነ እጃቸው ከደረት በላይ አይነሳም፤ ጠመንጃቸውን የሚያነግቱት በግራ ነው።

«መጀመሪያ ያገኟቸው እርስዎ ነዎት፣ አያ ክንዱ?»

«እኔው ነኝ፣ እሜቴ። ከቅዳሴ ስመለስ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ውሃው ውስጥ ቀይ ነገር አየሁ። በአንድ እጅ ምን አቅም አለኝ፤ ጮኼ ጎረቤት ጠራሁ። በረጅም እንጨት ጎትተው አወጡት። አዳልጦት ነው መሰለኝ።»

«ይህ ገንዳ መውጫ የለውም እንዴ?»

«አለው እንጂ! ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው የናይለን ገመድ ከዚያች ችካል ላይ ታስሮ ሌት ተቀን ውሃው ውስጥ ነው። መምህር ‹ገመዱ ሳይኖር ማንም ወደዚህ እንዳይጠጋ› ብሎ ገዝቶናል።»

«አሁንስ የት አለ?»

አያ ክንዱ ችካሏን አዩ። ባዶዋን ነበረች። «ኧረ ጉድ! ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ እንኳ ነበረ» አሉ።

ገመዱን ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። በመጋዘኑ ታዛ፣ ሰው እጁን ሽቅብ ዘርግቶ በሚደርስበት ወራጅ ላይ፣ በወጉ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ከሥሩ ያለው አቧራ በጠብታ ተበሳስቷል። ቀና ብላ ስታይ አንድ ጠብታ ጉንጯ ላይ ወደቀ። ከዚያ ቢላ አስመጥታ የሟቹን ጃኬት ስፌት ተረተረች። ከውስጡ የወጣው የፍራሽ ስፖንጅ ነው። ጨመቅ ስታደርገው ውሃው ክንዷን አልፎ ወረደ።

የተቋሙ ባለቤት አቶ ይርሳው ነጭ ጋቢ በሙሉ ልብስ ላይ ደርበው መጡ። ድሮ እህል ነጋዴ ነበሩ።

«ትልቅ ጉዳት ነው የደረሰብን» አሉ፣ ስልካቸውን እያዩ። «ረቡዕ የመርከብ ድርጅቱ ወኪል ይመጣል። ልጆቹን ሊወስድ ነው። ዓለሙ እኮ ወደ ባሕር ነው የሚሄደው፣ ኢንስፔክተር! እኔም ራሴ የመዝናኛ መርከብ አክሲዮን ልገዛ እየተጻጻፍኩ...»

«መምህሩ የልጆቹን ወረቀት ፈርመው ነበር?»

«ሊፈርም ነበር።»

«አልፈረሙም ማለት ነው።»

አቶ ይርሳው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «‹በውሃ ውስጥ ተፈትኖ አልፏል› የምትል መስመር አለች። አንዱም ውሃ አልነካምና አልፈርምም አለ። እንግዲያው ይግቡና ፈትናቸው አልኩት። በዚህ ጃኬት ሰው ውሃ አላስገባም አለኝ።»

«በፍራሽ ስፖንጅ እንዲሞላ ያዘዘው ማነው?»

«መለማመጃ ነዋ! ለፎቶም ቢሆን ቀለሙ ያምራል።»

ጃኬቶቹን የሰፋችው ዓባይነሽ ገና ስሟ ሲጠራ ማልቀስ ጀመረች። «የታዘዝኩትን ነው የሰፋሁ። ስፖንጁን ራሱ አቶ ይርሳው አምጥቶ ‹በዚህ ሙይው› አለኝ። ባሕር በሌለበት አገር ማን ይሰጥማል ብዬ ልጠርጥር?»

«ውሃ እንደሚጠጣ ያውቁ ነበር?»

«ምነው እሜቴ! ዕቃ የማጥበው በምን ሆነና!»

ከሠልጣኞቹ ሁሉ መምህሩን የምትቀርበው እንቁ የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ሠርክአዲስ ብቻዋን አነጋገረቻት።

«መምህርሽ ላንቺ ይፈርሙልሽ ነበር?»

«አይፈርሙልኝም ነበር።»

«ተቀይመሻቸው ነበር?»

«አልተቀየምኩም» አለች እንቁ። ነጠላዋን አፏ ላይ መለሰች።

አባቷ አያ ባምላኩ ከቡሬ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አስከሬኑ ተሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ከሄደ በኋላ ነው የደረሱት። ከልጃቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ፣ እሜቴ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ቀበርኩ። የቀረችኝ እችው ናት። ከዚህ አገር ትውጣልኝ፣ ባሕርም ቢሆን ትሂድልኝ። በሕይወት ትኑር እንጂ ዓይኗን ባላየውም ግድ የለኝም።»

«መምህሩን መቼ አገኟቸው?»

«ዓርብ ሽማግሌ ይዤ ለመንኩት። ዋና አታውቅም አለን። ‹ያ የሚያንሳፍፈው ልብስ እያለ ዋናው ምን ሊረባት?› ብየ ብለምነው አልሰማኝም። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። መርዶውን የሰማሁ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ነው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ ወንዳወቅ! ያ ጨርቅ ውሃ ጠጥቶ እንዲህ ጎትቶ ያስቀረው?»

ሠርክአዲስ ሽማግሌውን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ማስታወሻዋን አጠፈችና ሁሉም ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ከተሳለው መርከብ ሥር በተደረደሩት ወንበሮች ተቀመጡ። አቶ ይርሳው ከፊት፣ ዓባይነሽ ከጎናቸው ራቅ ብላ፣ አባትና ልጅ ከኋላ። አያ ክንዱ በሩ ላይ ቆመዋል። ሠርክአዲስ ማንንም ሳታይ ጀመረች።

«መምህር ወንዳወቅ አላዳለጣቸውም። አዳልጦት የሚወድቅ ሰው ልብሱን አጣጥፎ፣ ሰዓቱን ጫማው ውስጥ አስቀምጦ አይወድቅም። የገፋቸውም የለም። ጃኬቱን በገዛ እጃቸው ለብሰው፣ ማሰሪያውን ከፊት አስረው፣ በፈቃዳቸው ውሃ ገብተዋል። ነጠላቸው ታጥፎ ተቀምጧል። ቅዳሴ ሊሄዱ ሲሉ ሰው መጣባቸው ማለት ነው። እንግዲህ ያ ጃኬት እንደማያንሳፍፍ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ለምን ለብሰውት ይገባሉ?»

የተተረተረውን ጃኬት ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ለማያምን ሰው ሊያሳዩ ነው። ‹አየህ፣ ይህ ልብስ ሰው አያድንም› ሊሉ። ገመዱ እጃቸው አጠገብ ስለነበር አልፈሩም። ውሃ ሲጠጣ ማሰሪያው ያብጣል፣ አይፈታም። ከውሃ ወጣ ሲሉ ጃኬቱ እንደ እህል ጆንያ ወደ ታች ይጎትታል። ያለ ገመዱ በዚያ ዝልግልግ ላይ ማንም አይወጣም። ገመዱን ደግሞ አንድ ሰው ሳበው።»

ሁሉም አቶ ይርሳውን አዩ። እሳቸውም መታየታቸውን አውቀው ላብ አጠመቃቸው።

«አዎ፣ የመምህሩ አፍ ቢዘጋ አቶ ይርሳው ይጠቀማሉ» አለች። «ነገር ግን ስፖንጁን የገዙት ራሳቸው ናቸው። ዓባይነሽ ደግሞ በእጇ ሞልታ ሰፍታዋለች። ለሚያውቅ ሰው ማን ውሃ ገብቶ ያሳያል? ስለዚህ ሁለቱም አይደሉም። አቶ ይርሳው፣ ነፍሰ ገዳይ አይደሉም አልኩ እንጂ ንጹሕ ነዎት አላልኩም። የእርስዎን ለብቻው እንነጋገራለን።»

አቶ ይርሳው ላባቸውን ጠረጉ።

«ጃኬቱ ያድናል ብሎ የሚያምን ሰው ነው የምፈልገው። አያ ክንዱም ያምኑ ይሆናል። ገመዱ የተሰቀለው ግን ከሰው ራስ በላይ፣ ወራጅ ላይ ነው። የእሳቸው ቀኝ እጅ ከደረት አያልፍም፤ እርጥብ ገመድ በወጉ ጠቅልሎ እዚያ ለመስቀል ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ደግሞስ ለምን ተሰቀለ? ሰው ገድሎ የሚሸሽ ገመዱን እዚያው ይጥለዋል ወይም ይደብቀዋል። ይህኛው በወጉ ጠቅልሎ ሰቅሎታል። ዕድሜውን ቀንበር በቆዳ ጠፍር ሲያስር የኖረ ሰው ነው። እርጥብ ጠፍር መሬት ላይ ካደረ ጅብ ይበላዋል፤ ስለዚህ ሳያስበው እጁ ራሱ ከፍ አድርጎ ይሰቅለዋል። ናይለን የሚበላ ጅብ እንደሌለ ልቡ እያወቀ፣ እጁ ግን አላወቀም።»

አያ ክንዱ ከበሩ ሆነው ቀስ ብለው ወደ ኋላው ወንበር ዞሩ።

«አያ ባምላኩ፣ ዓርብ ዕለት ልብሱ ያንሳፍፋል ብለው በሽማግሌ ፊት ተከራከሩ። ከዚያ ወዲህ መምህሩን አላየሁም አሉኝ። ዛሬ ግን ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ እንዳስቀራቸው ነገሩኝ። እኔ ከአቶ ይርሳውና ከዓባይነሽ በቀር ለማንም አላነሣሁም፤ እነሱም ከእርስዎ ጋር አልተገናኙም፤ አስከሬኑንም አላዩም። ጃኬቱ ውሃ እንደሚጠጣ ማን አሳየዎት?»

ሽማግሌው ለመካድ አልሞከሩም። ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እሱ ነው ያሳየኝ» አሉ። «ጠዋት በማርያም ስም ለመንኩት። ‹ና፣ በዓይንህ እይ› ብሎ ገባ። እውነቱን ነው፣ ልብሱ አላነሳውም። እኔ ግን ልብሱን ምን አደርገዋለሁ? የምፈልገው ፊርማውን ነው። ገመዱን ሳብኩና ‹እፈርማለሁ በልና እለቅልሃለሁ› አልኩት። መግደል አላሰብኩም፣ ዋና ያውቃል ብየ ነው። እየዞረ ቧጠጠ። ‹አልችልም፣ አደራ አለብኝ› አለ። ‹የማን አደራ?› ብየ ብጠይቀው አልናገርም አለ። ‹የማን ነው ንገረኝ!› አልኩት። አልመለሰልኝም። ከዚያ... ቶሎ ነው ዝም ያለ። እንዲያ ቶሎ መሆኑን አላወቅሁም።»

«የእኔ አደራ ነው» አለች እንቁ።

ከተቀመጠችበት ተነሥታ ነበር። ነጠላዋ ከአፏ ወርዷል።

«ያን ጃኬት ባልዲ ውስጥ ነክሬ ለመምህር ያሳየሁት እኔ ነኝ። አትፈርሙልኝ ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ውሃ እፈራለሁ፣ አባየ። በሕልሜ ሁሉ እሰጥማለሁ። እሱስ ይቅር፣ የሰው ነፍስ ይዤ ‹በዚህ ውጡ› ልል የማልችለውን እችላለሁ ብየ እንዴት እፈርማለሁ? ለአንቱ መንገር ግን አቃተኝ። ‹እንቢታውን እርስዎ ይሸከሙልኝ፣ ከእኔ መሆኑን አባየ እንዳይሰማ› ብየ በእግዚአብሔር ስም አስማልኳቸው።»

አያ ባምላኩ ልጃቸውን ማየት አቅቷቸው ግድግዳው ላይ ያለውን መርከብ አዩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወንድሞቼን ከቀበርን ወዲህ ፊትዎ የሚፈታው የዚህ መርከብ ወሬ ሲነሣ ብቻ ነበር።»

«አንድ ቃል ቢተነፍስልኝ እኮ ገመዱን እለቅለት ነበር!» ብለው ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ከእሷ ነው ቢለኝ በአሥር ጣቴ እጎትተው ነበር!»

«አውቃለሁ» አለች እንቁ።

ሠርክአዲስ በሥራዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች፤ ብዙ ሰው አስራለች። የዚያን ቀን ግን ነገሩን በመፍታቷ አልኮራችም፤ እንዲያውም ባትፈታው ብላ ተመኘች። ቢሆንም ወደ ሽማግሌው ሄዳ ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። እንቁ ቀድማ ወጥታ በሩን ያዘችላቸው።