ሁለተኛው ቁልፍ

«ጓዶች!» አሉ የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ጥጋቡ በድምፅ ማጉያው። «በዕቃ ግምጃ ቤት የነበረው ባለሁለት መሳቢያ ጠረጴዛ፣ በዛሬው ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወደ ክፍል ቁጥር ሦስት በድል ተዛውሯል!»

ተጨበጨበ። ጠረጴዛውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ላባቸውን እየጠረጉ እጅ ነሡ። አንደኛው መሳቢያ መንገድ ላይ ወድቆ እንደነበር ማንም አላነሳም።

ሁሪያ አላጨበጨበችም፤ እጇ ባዶ አልነበረም። የኮምፒዩተሩን የቁልፍ ሰሌዳ እንደ ሕፃን አቅፋ ቆማ ነበር።

ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ አልፎ ሰማንያ የገባበት ነው። ለመካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ ተርሚናል ተልኮላት ነበር፦ አንድ ስክሪን፣ አንድ የቁልፍ ሰሌዳ፣ ከጎን ክፍል ካለው ትልቅ ሣጥን ጋር የሚያገናኝ አንድ ወፍራም ገመድ። ሥራው በመሠረተ ትምህርት የተማሩትን የወረዳዋን ሰዎች ስም መመዝገብ ነው። ገብረ መድኅን የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሁለት ሳምንት አስተማረ፤ ከዚያ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ትቶ ሄደ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሁሉም በአክብሮት ሸሸው። የዘጠነኛ ክፍሏ ሁሪያ ግን መዝገበ ቃላት ይዛ ገባችበት።

ጠረጴዛው በድል በተዛወረ በሦስተኛው ቀን ገጽ ሰማንያ ሰባት ደረሰች። ከዚያም ጮኸች።

ጄኔሬተሩን የሚጠብቀው የክፍል ጓደኛዋ ሞላ አንድ ባልዲ አሸዋ ይዞ በሩጫ ገባ።

«ምኑ ነው የተቃጠለው?»

«ምንም! ና፣ ና እይ! ከላይ የተደረደሩትን አሥራ ስድስት ቁልፎች ታያቸዋለህ? ኤፍ አንድ፣ ኤፍ ሁለት የሚሉት?»

«ለጌጥ ነው ያልሽኝ እነሱ?»

«ለካ ማስተማር ይቻላል! አረፍተ ነገር ታስተምረዋለህ፤ ከዚያ አንዴ ስትነካው ሙሉውን ይጽፍልሃል።»

እስከዚያ ቀን ከእያንዳንዱ ስም ፊት «ማንበብና መጻፍ ይችላሉ» የሚለውን ፊደል በፊደል ስትለቅም ነበር። ስሞቹ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ናቸው። ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ስለዚህም የወረዳዋ አዲስ አንባቢዎች ስም፣ ከእነሱ አንዳቸውም ሊያነቡት በማይችሉት ፊደል ተመዝግቦ ይቀመጥ ነበር። ይህንንም ማንም አላነሳም።

ሁሪያ መጽሐፉ እንዳለው የቁልፎቹን ማስተካከያ ስክሪኑ ላይ ከፈተች፤ ኤፍ አንድን መረጠች፤ አረፍተ ነገሩን ጻፈች፤ አስቀመጠች። በአንቱታ ያደረገችው አስባበት ነው፤ አንቱታ ወንድና ሴት ስለማይለይ ለሁሉም ይሆናል። ከዚያ ትንፋሿን ውጣ ቁልፉን ነካችው። አረንጓዴው ጽሑፍ በአንዴ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ወላሂ!» አለች ሁሪያ።

«በስመ አብ!» አለ ሞላ። አሸዋውን አስቀመጠ። «እስቲ ለእኔም አንድ አስተምሪልኝ።»

ኤፍ ዘጠኝ «ሞላ ጎበዝ ነው» ማለትን ተማረ። ሞላ ስክሪኑ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ነካካው። «አራዳ ማሽን ነው» አለ በመጨረሻ። «እውነቱን ያለማመንታት ይናገራል።»

ኤፍ ሁለት «ማንበብና መጻፍ አይችሉም» የሚለውን ተማረ። ሁሪያ ከሁለቱ ቁልፎች በላይ በአማርኛ የጻፈችባቸውን ትናንሽ ወረቀቶች ለጠፈች፦ «ይችላሉ»፣ «አይችሉም»። ሁለተኛው ቁልፍ ግን ብዙም ሥራ አልነበረውም። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሰው አይችሉም የተባሉት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ሞተዋል፤ ሌላኛው ከኮሚቴው ጋር ተጣልተዋል።

በአንድ ቁልፍ ሥራው በረረ። ሞላ ስም ያነብባል፤ ሁሪያ ትጽፋለች፤ ኤፍ አንድ ይጨርሳል። ሁለቱም እየሳቁ በአንድ ከሰዓት አራት መቶ ሰው አንባቢ አደረጉ።

«ራቢያ ሰይድ» አለ ሞላ። «ይችላሉ።»

ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

ራቢያ እናቷ ናት። ገበያ ላይ ፈትልና ቅመም ትሸጣለች። ትምህርቱ የሚሰጠው በገበያ ቀን ስለነበር ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሄደችው። ያም ሆኖ ማንበብና መጻፍ እንደምትችል የሚመሰክር ወረቀት ተሰጥቷታል፤ ለመቀበሏም በአውራ ጣቷ ፈርማለች። ሰሞኑን በሐሙስ የሚሰጥ አዲስ ትምህርት ሊጀመር ነው ሲባል ልትመዘገብ ሄዳ ነበር። የሚቀበለው በመዝገቡ ላይ «አይችሉም» የተባሉትን ብቻ ነው። «እርስዎማ ተመርቀዋል!» ብለው በክብር መለሷት።

ሁሪያ ወደ ጓድ ጥጋቡ ሄደች።

«ጓድ፣ የእናቴ ስም በስህተት ነው የገባው። ሊስተካከል ይችላል?»

«ወረዳችን መቶ በመቶ ሊሆን ሁለት ሰው ሲቀረው?» አሉ ጓድ ጥጋቡ፤ በእውነት ያዘኑ ይመስላሉ። «እንዲያውም እናትሽን ለአብነት መርጫቸዋለሁ። ነገ ከደብረ ታቦር እንግዳ ይመጣሉ። ሦስት ሴቶች በእንግዳው ፊት ወጥተው በየስማቸው ፊት ቁልፉን ራሳቸው ይጫናሉ። እናትሽ፣ ወይዘሮ ቦጋለችና የእኔ ባለቤት ካሣነሽ።» ዝቅ ብለው ጨመሩ። «ምናልባት እንዳይሳሳቱ፣ ሁለቱንም ቁልፍ ይችላሉ እንዲል አድርጊው።»

«ማንበብ ከቻሉ እንዴት ይሳሳታሉ?»

ጓድ ጥጋቡ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉ። «አንቺ ልጅ፣ ነገ ካማረልን ባሕር ዳር ለሦስት ወር የኮምፒዩተር ሥልጠና የምትሄጂው አንቺ ነሽ።»

ሦስት ወር! ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ አሥር ተርሚናል በአንድ ክፍል ተደርድሯል ብሎ ገብረ መድኅን ነግሯታል። መቶ ስድሳ ቁልፍ! ሁሪያ ሄዳ ሁለተኛውን ቁልፍ እንደ አንደኛው አስተማረችው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም።

ወደ እናቷ መደብ ስትደርስ ራቢያ አንድ ደብዳቤ ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር። ሰሜን ግንባር ያለው የሁሪያ ታላቅ ወንድም የአማን ደብዳቤ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሁሪያ አንብባላታለች።

«ይኼ ወረቀት ሁለት ገጽ ነው» አለች ራቢያ። «አንቺ ስታነቢው ግን አንድ ገጽ ይሆናል።»

ሁሪያ የተደረደረውን ፈትል አንስታ እንደገና መደርደር ጀመረች። «ጽሑፉ ሰፊ ሰፊ ስለሆነ ነው፣ እማ።»

በሁለተኛው ገጽ ላይ አማን ግራ እጁን መመታቱን ጽፏል።

ራቢያ ደብዳቤውን አጠፈችው። «ነገ ማሽን ትነኪያለሽ አሉኝ። አይችሉም የሚለው የትኛው ነው?»

«ሁለተኛው። ግን እማ፣ ነገ ሁለቱም ይችላሉ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ሁለት ቁልፍ ምን ያደርጋል?»

የዚህ ጥያቄ መልስ ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይም የለም።

በማግስቱ ክፍል ቁጥር ሦስት ጢም ብሎ ሞላ፤ የተረፈው ሰው በመስኮት ተንጠለጠለ። እንግዳው ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ነበሩ። ጓድ ጥጋቡ ንግግራቸውን ጀመሩ። ንግግሩ አርባ ደቂቃ ወሰደ። አንድን ቁልፍ መልሶ ለማስተማር አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሠላሳ ዘጠኙን ሁሪያ አሥሩን ተርሚናል እየቆጠረች፣ እናቷን እያየች፣ እንደገና አሥሩን እየቆጠረች አሳለፈች።

«...ዛሬ በወረዳችን ድንቁርና ታሪክ ሆኗል!» ሲሉ ጭብጨባው ቀለጠ። በጭብጨባው መሐል የአንድ ልጅ ጣቶች ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ቢሮጡ ማንም አይሰማም። ሞላ ብቻ አያት፤ አይቶም ጣራውን ማየት ጀመረ።

«ወይዘሮ ራቢያ ሰይድ!»

ራቢያ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሁሪያ ስሟን ስክሪኑ ላይ አውጥታ ወንበሩን ለቀቀች።  ለእናቷ ምንም አልነገረቻትም፤ አሁን ጣቱ የራቢያ ነው።

የራቢያ ጣት አንደኛውን ቁልፍ አለፈ። ሁለተኛው ላይ አረፈ። ተጫነ።

ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ጓድ ጥጋቡም አብረው አጨበጨቡ። እንግዳው ግን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉና ቀስ እያሉ፣ ድምፃቸውን አሰምተው አነበቡ።

«ራቢያ ሰይድ። ማንበብና መጻፍ... አይችሉም።»

ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ጓድ ጥጋቡ እጃቸው እንደተጋጠመ ቀረ።

«ማሽኑ ተሳስቶ ነው?» ሲሉ ጠየቁ እንግዳው።

«አልተሳሳተም» አለች ራቢያ። «ጌታው፣ አዲሱ ትምህርት ሐሙስ ነው አይደል? ሐሙስ ገበያ የለኝም።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እስከዚያ አንቺ ታነቢልኛለሽ። ሁለቱንም ገጽ።»

«እሺ፣ እማ» አለች ሁሪያ።

 ወይዘሮ ቦጋለች ሳይጠሩ ተነሡ።

«ለእኔም ሐሙስ ይሻለኛል» አሉና ራቢያ የነካችውን ቁልፍ ነኩ።

እንግዳው ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

ተራው የጓድ ጥጋቡ ባለቤት የወይዘሮ ካሣነሽ ሆነ። ባላቸውን ሳያዩ በፊታቸው አልፈው ጠረጴዛው ዘንድ ደረሱ፤ በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ካንከራተቱ በኋላ ወደ ሁሪያ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ» አሉ በሹክሹክታ፣ ሁሉም በሰማው ሹክሹክታ፣ «እነ ራቢያ የነኩት የትኛው ነው?»