በጠራ ሰማይ የመጣ ጎርፍ

የወንዙን ከፍታ ሲለካ የኖረው ሰው አስከሬን፣ ጎርፉ ባለፈ ማግስት ጠዋት ከድልድዩ ምሰሶ ሥር ተገኘ። የዝናብ ካፖርቱ እስከ አንገቱ ተቆልፎ ነበር። ሐኪሙ ከጆሮው ኋላ የተሰነጠቀ አጥንት አገኘ፤ በሳንባው ውስጥ ግን ውሃ አላገኘም። ወንዙ የወሰደው ከሞተ በኋላ ነው።

ማስጠንቀቂያ ሳይነፋ አራት ቤት ተጠርጎ ነበርና ሰፈሩ ሟቹን «ተኝቶ አስፈጀን» ይለው ጀመር። ሴት ልጁ ጉዳዩን የያዘችውን መርማሪ በር ላይ ጠበቀቻት።

«አባቴን አፈር ሳይቀበለው ስሙን ቀበሩት። ገዳዩን ብቻ ሳይሆን ስሙንም መልሱልኝ።»

«ትናንት እዚህ ምን ያህል ዘነበ፣ ልጄ?»

«የምን ዝናብ? ያሰጣሁትን ልብስ ደርቆ ነው ያስገባሁት። የዘነበው ላይ፣ ተራራው ጋ ነው።»

መርማሪዋ ካፖርቱን ደግማ ተመለከተች።

የወንዝ መለኪያ ጣቢያው አለቃ በጎርፉ ዕለት ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበር። «በሥራ ላይ መተኛቱን በሪፖርት ጽፌያለሁ» አለ።

«ሲተኛ አይተውታል?»

«ተራራው ላይ ያለው የላይኛው ጣቢያ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነው የነገረኝ፤ ጎርፍ ሲመጣ ለታች የሚያሳውቀው እሱ ነው።»

የሟቹ አማች በመሬት ድንበር ከሟቹ ጋር ይካሰስ ነበር። «ትናንት ጣሪያዬን ስጠግን ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል» አለ። «ደግሞስ እሱ ቢተኛ ኖሮ ቀድሜ የማወራው እኔ አልነበርኩም? አንድ ቀን እንኳ ሲያንቀላፋ ባገኘው ብዬ ስንት ዓመት ጠበቅሁ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ይዛ ወደ ላይኛው ጣቢያ ወጣች።

«በሬዲዮ ሦስቴ ጠራሁት፤ አላነሳም» አለ ኦፕሬተሩ። «እዚህ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፤ የመጣም የለም።»

«ግቢው ውስጥ ያለው ድስትስ?»

«ትናንት ጠዋት አጥቤ ያሰጣሁት ነው። በዚያ ዶፍ ማን ወጥቶ ያስገባዋል?»

መርማሪዋ ጎኑ ቀጥ ባለው ድስት ውስጥ በተጠራቀመው ውሃ ማስመሪያ አቆመች፤ ከዚያም መዝገቡን ገልጣ አራቱንም ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠች።

«ታች ጠብታ አልወረደም፤ ሟቹ ግን ካፖርቱን ቆልፏል። ስለዚህ የሞተው ዝናብ ባለበት ነው። ሬዲዮው ዝም ሲልበት ምክንያቱን ሊያይ ወጣ። ድስቱ መቶ አሥር ሚሊሜትር ይዟል። በመዝገቡ መሠረት የዝናብ መለኪያው ትናንት ጠዋት ተደፍቷል፤ ዛሬ ጠዋት የተመዘገበው ግን ስልሳ አንድ ብቻ ነው። አንድ ሰማይ ለሁለት ዕቃ አያደላም። ዶፉ ሳያባራ መለኪያውን ለክቶ የደፋ ሰው አለ፤ ኦፕሬተሩ ደግሞ በዶፉ አልወጣሁም ብሏል።»

«አባቴ ነው» አለች ልጅቱ። «የትም ቢሄድ ሳይለካ አያልፍም፤ ከለካም ይደፋል።»

«የሥራው ሕግ ነው» አለ አለቃው በቀስታ።

«እንግዲህ እዚህ መጥቷል» አለች መርማሪዋ፤ ወደ ኦፕሬተሩም ዞረች። «ያን ጊዜ እዚህ የነበርከው ደግሞ፣ በራስህ አፍ፣ አንተ ብቻ ነህ።»

ኦፕሬተሩ አንገቱን ደፋ። «ሬዲዮው ጠፍቶ፣ እኔ ተኝቼ አገኘኝ። ‹ተነሣ፣ ሰው ያልቃል› ብሎ ሊከፍተው ሲል ጥፋቴ ይሰማል ብዬ ገፋሁት። ጭንቅላቱን ደረጃው መታው። ከዚያ ወደ ወንዙ…»

«ከገፋኸው በኋላስ ወደ ታች ጠራህ? ጊዜ ነበረህ» አለች መርማሪዋ።



አለቃው ሪፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ ሊቀድደው ያዘ።

«አይቅደዱት» አለች ልጅቱ። «ቤታቸው በተወሰደባቸው ሰዎች ፊት ያንብቡትና ውሸት መሆኑን ይንገሩልኝ።»

«ነገ ጠዋት…»

«አሁን፣ ጋሼ። ቀብሩ ዛሬ ነው።»

አለቃው ኮፍያውን አንሥቶ ቀድሟት ወጣ።