ደጅ የቆመው ማረሻ

በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ስድስት፣ በሐምሌ ብርድ፣ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ገጠር አንጥረኛ ኤኖክ ትሬጊር ማረሻውን በባቡር አስጭኖ ሜልበርን ፍርድ ቤት ደጃፍ አቆመው፤ ዳኛው ግን ወጥተው ሊያዩት አልፈቀዱም። ማረሻው ተነቅሎ የማያልቀው የባሕር ዛፍ ጉቶ ሲያጋጥመው ስለቱ ተነሥቶ የሚዘል፣ ተጨምቆ በሚፈናጠር የብረት ሞላ ኃይል ወዲያው ወደ አፈሩ የሚመለስ ነበር፤ አንድ የከተማ ፋብሪካ ደግሞ ሞላውን በክብደት ተክቶ የራሱ አስመስሎ ይሸጠው ጀመር። ኤኖክ ፋብሪካውን ከሶ ይህን ካላስቆመ፣ በልፋቱ ላይ የሌላ ሰው ስም ተቀርጾ ሊቀር ነው።

ነገሩን ያበላሸው ጠበቃው ሚስተር ላስኮም ነው። የፈጠራው መብት ሲጠየቅ ሞላውን ከጽሑፉ አውጥቶ፣ «ጉቶ ሲነካው ተነሥቶ የሚመለስ ማንኛውም ማረሻ» ብሎ አሰፋው፤ ሰፊ መረብ ብዙ ዓሣ ይይዛል በማለት። ምን ያደርጋል! መረቡ የሟቹን የሽማግሌ ካርልዮንን ማረሻ ይዞ ወጣ፤ ከዓመታት በፊት በአውራጃው የእርሻ ትርዒት ላይ የታየውን። አስቀድሞ በአደባባይ የታየ ነገር ደግሞ አዲስ ፈጠራ ተብሎ መብት አይሰጥበትም።

«የካርልዮን ማረሻ ጉቶ ሲነካው ይነሣ ነበር?» አሉ ዳኛው።

«ይነሣል ክቡር ዳኛ፤ ለመውረድ ግን የሰባኪያችንን ስብከት ያህል ይፈጅበታል! አገር ስቆበታል፤ እኔም ስቄበታለሁ» አለ ኤኖክ።

«ከሳቃችሁበትማ አይታችሁታል።»

«የኔ እኮ ሞላ አለው! ደጅ ቆሟል፤ ወጥተው ቢያዩት ምን አለበት?»

«መብት የጠየቁት በዚህ ቃል ነው፤ ቃሉ ውስጥ ሞላ የለም።»

ላስኮም ብድግ ብሎ፣ ሞላው እንዳለበት ተቆጥሮ ይነበብልን ሲል ለመነ።

«እንግዲያው ሞላ የሌለው ፋብሪካ ምን አጠፋ?» አሉ ዳኛው ተሰላችተው። «ቃሉ ካርልዮንን ሲያይ ጠቦ፣ ፋብሪካውን ሲያይ ሊሰፋ ነው? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።»

መብቱ ተሰረዘ።

ደጅ፣ ሚስቱ ታምዚን ማረሻውን ከዝናብ በሻሿ ሸፍና ትጠብቀው ነበር። ሁሉን ሰምታ፣ «በሽማግሌው አትሳቅ ብዬህ ነበር» አለችው።

«አሁን ደግሞ አንቺ ጀመርሽ?» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ግን ተሰበረ።

የተሰረዘ መብት ጠባቂ የለውምና፣ በዓመቱ ፋብሪካው ክብደቱን አውልቆ ሞላ ገጠመበት። ገበሬው ማረሻውን በፋብሪካው ስም ይጠራዋል፤ የሕግ ተማሪዎችም ኤኖክን የሚያውቁት አብዝቶ ጠይቆ ሁሉን ያጣ ሰው ነው በማለት ብቻ ነው። ታሪክም እንደ ዳኛው የተጻፈውን አነበበ እንጂ፣ ደጅ የቆመውን ወጥቶ አላየም።