መርከብ ላይ የሰማሁት የእድር ጥሩምባ

ከሁሉ በፊት በደሌ ይጻፍልኝ። የእናቴን ልጅ፣ ታላቅ እህቴን አስካለን ቀብረው፣ ለቅሶዋን ተቀምጠው፣ ድንኳኗን አፍርሰው እስኪያበቁ ድረስ፣ እኔን በፈረንጅ መርከብ ላይ በሙዚቃና በፓስታ ሲያዞሩኝ ከረሙ። ሰው የሞተበት ቀን ማልቀስ የሰው መብት ነው፣ ይህን መብት ከእኔ የወሰደ ፊቴ ቆሞ ምክንያቱን ይንገረኝ ብዬ ስጠይቅ ከረምኩ፣ በመጨረሻ ተነገረኝ። እሱን ከመስማታችሁ በፊት ግን የሆነውን ልንገራችሁ፣ ከዚያ እናንተው ፍረዱ።

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዕድሜዬን ሙሉ ስኖር ስለ ጅኑም ስለ ወንዙ ጋኔንም ያልተወራ የለም፣ ቀበና ወንዝ ዳር ነጭ ለባሽ ታየች ብለው ጎረቤቶቼ ሲንቀጠቀጡ «ልብስ አጣቢ ትሆናለች፣ ሳሙና አበድሯት» ብዬ የምነሳ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ማታ ማታ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ከዚያ አላለፈም፣ ግን እመኑኝ፣ ጆሮዬ የሰማውንና ልቤ የፈጠረውን ለይቼ አውቃለሁ።

ልጄ ሰናይት ጣሊያን አገር ጄኖቫ ነው የምትኖረው፣ እዚያ አዛውንቶች ትንከባከባለች። ዘንድሮ እረፍቷን ከእኔ ጋር ልታሳልፍ አሰበችና ጠራችኝ፣ ከጄኖቫ ተነስቶ በፈረንሳይና በስፔን ጠረፍ አድርጎ፣ ደሴቶቹን ነክቶ፣ በናፖሊ ዞሮ በሳምንቱ እዚያው ጄኖቫ የሚመልስ መርከብ ላይ ልታሳፍረኝ። እኔ መጀመሪያ እምቢ አልኩ፣ ምክንያቱም ልክ አይደለም፣ አስካለ ታላቄ ናት፣ የራሷ ልጅ የላትም፣ ሰናይትን ከእኔ እኩል አዝላ ያሳደገች እሷ ናት፣ መሄድ የሚገባት እሷ ናት ብዬ ተከራከርኩ። እሷ ግን ጉልበቷን እያሸች ሳቀችብኝ። «አንቺ ሂጂና አይተሽ ንገሪኝ፣ እኔ ከማየው ያንቺ ወሬ ይበልጣል፣ መቼም ትጨምሪበታለሽ» አለችኝ። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ አንድ እድር ነን፣ ባሎቻችንን ከቀበርን ወዲህ ራታችንንም አንድ ሳህን ላይ ነው የምንበላው፣ ስለዚህ ትቻት ስሄድ ግማሽ አካሌን የተውኩ ያህል ነበር።

መርከቡን ስታዩት መርከብ አይመስልም፣ መገናኛ ካሉት የገበያ ሕንፃዎች አንዱን ነቅለው ውሃ ላይ ያስቀመጡት ነው የሚመስለው፣ ሊፍት አለው፣ ሱቅ አለው፣ ግፊያው ሳይቀር አለ። ጊዜው የሰኔ ጾም ስለነበር አስተናጋጁ ያመጣውን ሁሉ ስመልስበት ታማለች ብሎ ሐኪም ሊጠራልኝ ነበር፣ ሰናይት እስክታስረዳው ድረስ። ከዚያ በኋላ ባቄላ በትልቅ ትሪ ያመጣልኝ ጀመር፣ እኔም የሚቀረውን ለአስካለ ይዤላት ብሄድ እያልኩ ሰናይትን አስቃት ነበር።

የመጀመሪያው ሌሊት አልፎ ጎህ ሲቀድ፣ ማርሴይ ወደሚባለው ከተማ ልንደርስ ስንል፣ ነጠላዬን ለብሼ ጸሎቴን ላደርስ ወደ ክፍላችን በረንዳ ወጣሁ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ ማዶ ኮረብታዎች ጉም ለብሰው ይታያሉ፣ ልክ በክረምት ጠዋት ከደጃችን ሆነን እንጦጦን እንደምናየው። ጸሎቴን ሳልጀምር ሳል ሰማሁ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ቱሉ ሁልጊዜ ከመንፋታቸው በፊት እንዲህ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያንን ሳል ሲሰማ ነው አልጋው ላይ ቀና የሚለው። ከዚያ ጥሩምባው ተነፋ።

የመርከቡ ጥሩምባ ይሆናል የሚል አይጠፋም፣ ሰናይትም ይህንኑ ብላለች። የመርከቡን ሰምቼዋለሁ፣ እሱ ሆድ ያናውጣል። ይሄኛው ቀጭን ነው፣ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ሌላ ቦታ የለም። ቀጥሎ ድምፃቸው መጣ፣ ጋሽ ቱሉ ቅድመ አያቶቻቸው እዚያው የካ ላይ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ቤታቸው ኦሮምኛ ነው የሚወራው፣ አማርኛ ሲናገሩ የስምን መጨረሻ ጎተት ያደርጉታል፣ እንደዚያው ጎትተው «የእድር አባል የሆናችሁ፣ ወይዘሮ አስካለ አርፈዋልና ለቀብር ውጡ፣ ያልሰማህ ስማ» አሉ። ምን አለፋችሁ፣ ድምፁ ከውሃው ላይ ነበር የሚመጣው፣ ግን ቆሞ አልነበረም፣ እየሄደ ነበር፣ መጀመሪያ ቅርብ፣ ቀጥሎ ቅያስ እንደታጠፈ ሰው ድፍን አለ፣ ኋላ ደግሞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ትንፋሹ እየተቆራረጠ ወደ ኮረብታዎቹ ራቀ። እዚያ ያለው ባሕር ብቻ ነው። ዳገት የለም።

ሰናይትን ከእንቅልፏ ጎትቼ አስነሳኋት፣ ስልክ ደውዪ አልኳት፣ ሕልም ነው አለች፣ ደውዪ ብዬሻለሁ አልኳት። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ አስካለ ራሷ አነሳችው። በሕይወት አለሽ ወይ ስላት፣ ጋሽ ቱሉ ስምሽን ሲጠሩ ሰማሁ ስላት፣ እስክታስላት ድረስ ሳቀች። «አንቺ እብድ፣ ገና ውሃው ሳይነካሽ ቀበርሽኝ?» አለች። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። የት ሆነሽ ነው የሰማሽው አለችኝ፣ መርከቡ ላይ፣ አሁን ጎህ ሲቀድ አልኳት። ይሄኔ ሳቋ ቆመና እስቲ ሰናይትን ስጪኝ አለች። ሰናይት ስልኩን ይዛ ኮሪደር ወጣች፣ ስትመለስ ሻሽ እንድገዛላት ነው የነገረችኝ አለች፣ እኔም አመንኩ፣ ለምን አላምንም፣ የእህቴን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ማርሴይን በደስታ ዞርኩ፣ ለአስካለ የምነግራትን እያጠራቀምኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ነገሩ በበራችን በኩል መጣ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ መርዶ ሊያረዱ የሚመጡ ሰዎች ወዲያው አያንኳኩም፣ ደጅ ላይ ይሰበሰባሉ፣ አንቺ ግቢ፣ አንተ ቅደም እየተባባሉ ይገፋፋሉ፣ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ልቅሶዋን ትውጣለች። እሱን ነው የሰማሁት፣ ከክፍላችን በር ውጭ፣ ባሕር መሐል። የጫማ ኮቴ፣ ሹክሹክታ፣ ልብስ ግድግዳ ሲታከክ። በሩን ከፈትኩት። ረጅሙ ኮሪደር ባዶ ነው፣ መብራቱ በርቷል፣ ማንም የለም። ምንጣፉ ላይ ግን ጭቃ ነበር፣ አደራ ይህን እመኑኝ፣ በሰኔ ዝናብ ከሰፈራችን ዳገት እግር ላይ ተጣብቆ የሚመጣው ዓይነት ጥቁር ቀይ ጭቃ፣ የብዙ ሰው ጫማ የረገጠው፣ እኛ በር ላይ ብቻ።

ጠዋት ክፍሎቹን የምታጸዳው ሴትዮ ተንበርክካ ስትፈገፍገው አገኘናት፣ ከየት አገር እንደሆነች አላውቅም፣ ትንሽ ጣሊያንኛ ትችላለች። ሰናይትን አንድ ነገር ጠየቀቻት፣ ሰናይት ፊቷ አመድ መሰለ። ምን አለች ስላት «ጫማችሁን ጥረጉ ነው ያለችው» አለችኝ። ልጄን አውቃታለሁ፣ ስትዋሽ አንገቷን ታሻለች፣ እያሸች ነበር። ስለዚህ ራሴ የሴትዮዋን እጅ ይዤ በሩን አሳየኋት፣ ማን ነበር እዚህ ብዬ በምልክት ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ነጠላዬን ጠቆመች፣ ቀጥሎ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር በእጇ አሳየችኝ፣ ብዙ፣ ብዙ አለች በጣቶቿ። ከዚያ እጇን ዘርግታ የነጠላዬን ጥለት ከታች አንስታ ወደ አንገቴ ገለበጠችው፣ እንደዚህ ነበር የለበሱት ለማለት። ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀን የምንለብሰው ለሐዘን ብቻ ነው። ይህን ያቺ ሴት ከየት ልታውቅ ትችላለች?

በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰናይትን አስካለ ሞታለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት፣ ፊት ለፊት። አልሞተችም አላለችም። «እማዬ መጀመሪያ ቁርስሽን ብዪ» አለች። ስልክ ስጪኝ ስል ኔትወርክ የለም፣ ስንደርስ ትለኛለች፣ ባርሴሎና ስንደርስ ቅዳሴ ሄዳለች፣ ደሴቱ ጋ ስንደርስ ተኝታለች። ዐይኗ ቀልቶ ስትመጣ የባሕሩ ጨው ነው ትለኛለች። ልውረድ፣ በአውሮፕላን ላኪኝ ብዬ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ጡቴን ቆርጬ እጥለዋለሁ ሳይቀር አልኳት፣ አንዴ ብቻ እጄን ይዛ «እማዬ፣ እባክሽ አትጠይቂኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ በየጎሁ እነዚያ ሰዎች ደጄ ላይ እየመጡ ቆሙ፣ እኔም መክፈት ተውኩ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሲገፋፉ እሰማለሁ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ እየተቀመጥኩ፣ ሳያረዱኝ ብቻዬን ሐዘን ተቀመጥኩ። ቱሪስቶቹ ልብሱ አምሯቸው ፎቶ ያነሱኝ ነበር።

ሳምንቱ አልቆ ጄኖቫ ስንመለስ ሰናይት እኔን ብቻዬን አልሰደደችኝም፣ አብራኝ አገር ቤት መጣች። አውሮፕላኑ ቦሌ ያረፈው ሊነጋጋ ሲል ነው፣ ዝናብ እየዘነበ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈራችን ድረስ በመኪና ወጣን። ቅያሳችን ውስጥ ስንገባ የግቢያችን በር ላይ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ፣ አንቺ ቅደሚ፣ አንተ ቅደም እየተባባሉ ይገፋፋሉ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ አልጮህኩም። «ስንት ጠዋት ደጄ ላይ ትቆማላችሁ፣ አትናገሩም እንዴ?» አልኳቸው። ተያዩ፣ ከሐዘን የተነሳ ነው አሉ።

እንግዲህ አስካለ ያረፈችው በስልክ ባወራን ማግስት ጎህ ሲቀድ ነው፣ ተኝታ፣ ሳትታመም። እነዚያ ሰዎች መጀመሪያ የመርከቡ ክፍላችን በር ላይ በመጡበት ሰዓት ማለት ነው። ለቅሶዬን አልቅሼ ስጨርስ ጋሽ ቱሉን አስጠራሁና መቼ ነው የነፉት ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ባረፈችበት ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሉኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ጠዋትስ አልኳቸው። «እትዬ በላይነሽ፣ ያን ጠዋት ጉንፋን ይዞኝ ከአልጋ አልወረድኩም። ደግሞ እኔ በሕይወት ያለ ሰው ስም ጠርቼ አላውቅም» አሉ።

ይህን ትቼ ወደ በደሌ ተመለስኩ። የእድሩ ዳኛ መንገደኛ መርዶ አይነገረውም፣ ባሕር ላይ ብትወድቂስ አለኝ፣ ዘመዶቼም ደጋግመው ያንኑ አሉ፣ እኔ ግን ለእሱ አልተውኩም፣ ልጅ አይደለሁም፣ እብድ አይደለሁም፣ እህቴን አፈር ሳላለብስ ቀረሁ፣ ይህን የወሰነው ማነው አልኩ። ሁሉም ወደ ሰናይት አዩ። ቀኑ ገፋ፣ የምትመለስበት ደረሰ፣ ከመሄዷ በፊት የአስካለን መቃብር ልታይ ከእንጦጦ ግርጌ ወዳለው ደብር አብረን ወጣን። እዚያ መቃብሩ ፊት አስቆምኳት። እህቴን እንዳልሰናበት የከለከልሽኝ በምን ሥልጣንሽ ነው፣ ሳትነግሪኝ ከዚህ አትሄጂም አልኳት።

እንባዋ እየወረደ ወደ መቃብሩ ጠቆመች።

«እሷ ናት ያስማለችኝ» አለች። «ያን ዕለት ስልኩን ስትሰጪኝ፣ ‹እኔ ከቀደምኩ ቤቷ ሳትገባ እንዳትነግሪያት፣ እሷ ከቀደመች ደግሞ ይዘሻት ሳትመጪ እንዳትነግሪኝ› አለችኝ። እሷ ከቀደመች ማለት ምን ማለት ነው አልኳት። ‹እኔም ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ቱሉን ሰምቻቸዋለሁ› አለችኝ፣ ‹እኔ የሰማሁት ግን ወይዘሮ በላይነሽ ብለው ሲጠሩ ነው።›»