ሁለት ፉጨት

በጋ በመጣ ቁጥር እናትየው መስኮቱን በርግዳ ትከፍተዋለች፤ ዝጊው ያላት ሰው ተጣላት ማለት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ፀሐይና አቧራ የተፈራረቀበት እንጨት ታዲያ እንዴት አይጣመም? ልጇ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አናጢ ጠራች። የመጣው አናጢ የልጅነት ጎረቤቷ ሆኖ አረፈው!

አንድ መስኮት ወር ይፈጃል? ለእነሱ ፈጀ። እሱ አንዷን ማጠፊያ ሦስቴ ይፈታል፤ እሷ አንዱን ጠርዝ ሦስቴ ትሰፋለች። ዓይናቸው ሲገጣጠም ሁለቱም ያቀረቅራሉ። እናትየው አይታ እንዳላየች አለፈች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ቃሉ ከአፉ ወጣ። «እንጋባ» አላት። «እሺ ከማለትሽ በፊት የምነግርሽ አለ። ስለ ፍንጭቱ ነው።»

እጇ መርፌው ላይ ቀረ።

ፍንጭቱ ታላቅ ወንድሟ ነበር። እንጆሪ ሲደርስ እሷ፣ ወንድሟና የዛሬው አናጢ ሦስት ሆነው ከከተማው ዳር ወዳለው ቁጥቋጦ ይወርዱ ነበር። ወንዶቹ እሾሁ ውስጥ ገብተው ይለቅማሉ፤ እሷ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ዳኛ፣ መንገዱ ላይ ባልዲውን ትጠብቃለች። ሕጉ የእናትየው ነው፤ ለቃሚ ያፏጫል። የሚያፏጭ አፍ አያኝክማ! ፉጨቱ የተቋረጠ ሌባ ነው። ፍንጭቱ በጥርሶቹ መሃል የሚያወጣትን ቀጭን ፉጨት ደግሞ ከሺህ ትለያታለች።

የዚያን ቀን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሁለቱንም ፉጨት ሰማች። የወጣው ግን አንድ ልጅ ብቻ ነው። ፍንጭቱ ከቁጥቋጦው ማዶ፣ አረም የሸፈነው አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። ጣሳው ውስጥ አንድ ጭብጥ እንጆሪ ብቻ ስለነበር፣ ገና እንደገቡ ነው የወደቀው አሉ።

«እኔ እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ!» ብላ አለቀሰች።

«ነፍሱ ናት፤ ልትሰናበትሽ» አለቻት እናቷ። መስኮቱም ከዚያ ወዲህ ለዚያች ነፍስ ነው የሚከፈተው፤ ፉጨቷ ዳግም ቢሰማ ተብሎ።

«እኔ ነኝ» አላት አናጢው። «‹ማዶ ሄጄ ልብላ፣ በእኔ ፈንታ አፏጭልኝ› አለኝ። አንዴ የራሴን፣ አንዴ የሱን እያልኩ አፏጨሁ። ያስተማረኝም ራሱ ነው። ባላፏጭ ኖሮ አንቺ ትጮኺ ነበር። እንደርስለት ነበር።»

ወንድሟ ሁለተኛ ሞተባት።

«ለምን ነገርከኝ? ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?»

«በየበጋው እዚህ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብዬ የራሴን ፉጨት ልጠብቅ?»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች። ከዚያ፣ «አፏጭ» አለችው። «የሱን። ልስማው።»

ከንፈሩን አሹሎ ጀመረ።

«ልጄ! መጣህ?»

እናትየው በባዶ እግሯ ከጓዳ ወጣች። የአናጢውን ከንፈር አየች። ፉጨቱ ተቋረጠ።

«አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ፣ እማማ።»

ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ትሰድበኛለች፣ ታባርረኛለች ሲል፣ ዓይኗን ጨፍና «ድገመው» አለችው። እንባው እየወረደ ደገመው።

«ዝጊው በቃ» አለች ለልጇ። «ቤት ገብቷል።»

መስኮቱ ድምፅ ሳያሰማ ገጠመ።

በዓመቱ ተጋቡ። አናጢው እንጨት ሲልግ ዛሬም ሳይታወቀው ያፏጫል። ያኔ ሚስቱ መርፌዋን ይዛ ታዳምጣለች። ፉጨቱ ቀጥ ካለ ብድግ ትላለች።

«አለህ?»

«አለሁ» ይላታል።