ድንጋይ የሰረቀው ሌባ

ሞተሩ የለም።

ዳገት የማይበግረው ባለ አራት ጎማ ሞተር ግቢው ጥግ፣ ቆርቆሮው ስር ነበር የሚቆመው። ጠዋት ሲታይ ቦታው ባዶ ነው። ያውም ስሙ ወደ ገዢዋ ሊዛወር በተቀጠረበት ቀን! ሌባም ቀን ይመርጣል እንግዲህ።

ሻጩ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። መርማሪው ሲደርስ በፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው ግቢውን ይዞራሉ።

«ተዋረድኩ ልጄ! ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?»

ገዢዋ የከብት ሐኪም ናት። መኪና የማይወጣው ተራራ ላይ በእግሯ እየወጣች ስንት ጥጃ ሳትደርስለት ሞቷል። አሁን በር ላይ ቆማለች፣ ፊቷ ጠቁሯል።

«ውል ተፈራርመናል። ግን ሞተሩ ቀርቦ የሻንሲ ቁጥሩ ካልታየ መንገድ ትራንስፖርት ስሙን አያዛውሩልኝም» አለች።

«ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አለ መርማሪው።

«እኔ ጋ። ምነው፣ የገዛሁትን ልስረቅ እንዴ?»

መርማሪው ወደ ጎረቤቱ መካኒክ ዞረ። መካኒኩ ሞተሩን ለራሱ ሲመኘው ኖሮ ለሌላ ሲሸጥ ያኮረፈ ሰው ነው።

«አንተ ነህ የወሰድከው?»

«ማኩረፉን አኩርፌያለሁ። መስረቅ ግን ሌላ ነው! ደግሞስ ያ ሞተር ሲነሳ ሰፈሩ አብሮ ይነሳል። ማንም ምንም አልሰማም።»

እውነቱን ነው። ሳይነሳ ተገፍቶ ነው የሄደው። የጎማው ዱካም ወደ ቁልቁለቱ ያመራል።

መርማሪው ተንበረከከ። የኋላ ጎማው ከነበረበት አጠገብ መሬቱ ጎድጉዷል። ድንጋይ ለዓመታት የተቀመጠበት ቦታ ነው።

«እዚህ የነበረው ድንጋይስ?»

«የምን ድንጋይ?» አሉ ቀያሹ።

«ሞተሩ እንዳይንሸራተት ጎማው ስር የሚደረገው።»

«ለምን ተብሎ? የእጅ ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ይይዛል! አንድ ቀን ተንሸራትቶ አያውቅም።»

መካኒኩ ሳቁ አመለጠው። «ጋሼ፣ ፍሬኑ እኮ ከሞተ ቆየ! ብነግርዎ አይደል የሰደቡኝ?»

እንግዲያው ቀያሹ ሳያውቁ ድንጋይ የሚያስገባ የቤት ሰው አለ ማለት ነው። መርማሪው ወደ ወጥ ቤት ገባ። የቀያሹ ባለቤት ሽንኩርት ይልጣሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እማማ፣ ሞተሩስ ይሁን። ድንጋዩን ለምን ወሰዱት?»

ቢላዋው ቆመ።

«ልማድ ነዋ» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልሆነላቸውም። ቀያሹ ከሞተሩ ወርደው ዞር ሲሉ ድንጋዩን ጎማው ስር የሚያስገቡት፣ ሲሄዱም አንስተው ቅርጫታቸው ውስጥ የሚከቱት እሳቸው ነበሩ። ባል ደንበኛ ፍሬን እንዳላቸው ነው የሚያውቁት።

«ከታች ገለባ ቤቱ ውስጥ ነው» አሉ። «ገፋ ባደርገው በራሱ ሄደ። ነፍሴ ልትወጣ!»

«ግን ለምን እማማ?»

«ቤት ውስጥ ጠጋ ስለው ‹ኧረ ሰው ያየናል› ይላል። ሞተሩ ላይ ግን እንዳልወድቅ ብዬ ወገቡን ጥብቅ አደርጋለሁ። እኔ ባሌን ያቀፍኩት እዚያ ላይ ነው ልጄ። ሳያማክረኝ ሸጠብኝ።»

ቀያሹ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ባለፈው ገደሉን ያየሁት አፋፉ ላይ ደርሼ ነው። አንቺ ከኋላዬ ነበርሽ። እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ዋጥኩትና ሞተሩን ሸጥኩት።»

«አንተ ጉደኛ! ዓይንህን ያህል ነገር ከኔ ትደብቃለህ?» አሉና አለቀሱ። አሁን በሽንኩርቱ ማሳበብ አልቻሉም።

መርማሪው መዝገቡን አጠፈ። መካኒኩ ኩርፊያውን ትቶ ፍሬኑን ጠገነ። ሐኪሟ የተሰረቀባትን ሞተር ከገለባው ውስጥ ስታገኝ ሴትዮዋን ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። እሳቸውም ድንጋዩን አስታቀፏት።

«ለማንኛውም ያዢው ልጄ። ፍሬን አይታመንም።»

ከቀትር በፊት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ስሙ ተዛወረ። ሐኪሟ ሞተሩን አስነስታ ወደ ተራራው ነጎደች። ባልና ሚስት ሰው በሚተራመስበት መንገድ ዳር ቀሩ።

ቀያሹ ክንዳቸውን ዘረጉ። «ያዢኝ።»

«ሰው ያየናል እኮ!»

«ይየና! እኔ እንደሁ አላየውም።»

ሚስት ክንዱን ትተው የባላቸውን ወገብ ጥብቅ አድርገው ያዙ።