የስብ ጠብታ

የወጣቷ ተመራማሪ ሥራ በሚፈስ ፈሳሽ ውስጥ የገባ የዘይት ጠብታ ምን እንደሚሆን ማጥናት ነበር። እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጠብታው ክብ ሆኖ ይገባል። ፍሰቱ ሲበረታበት ይለጠጣል፤ ወገቡ ይቀጥናል፤ ከዚያ ለሁለት ይበጠሳል። አንዳንዱ ግን አይለጠጥም፣ አይበጠስም። ጠባቡ ቦታ ላይ ይወተፍና መንገዱን ይዘጋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ሳይርገበገብ ነውና ፈጣን ካሜራ ያለው ፎቶ አንሺ ተጠራ።

«ስንት ሙሽራ ያነሳሁ ሰው ዛሬ ዘይት ላነሳ?» አለ ቱቦውን አጎንብሶ እያየ። «በይ እንግዲህ፣ ፈገግ በል በይልኝ።»

በዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። ቀረጻው ካለቀ በኋላም መምጣቱን አልተወም፤ እሷም አትምጣ አላለችውም።

ለአባቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ያሳደጓት ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ «ቋሚ ሥራ ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምታለች።

«እስከ መቼ ነው የምትደብቂኝ?» አላት ፎቶ አንሺው አንድ ቀን።

«ትንሽ ታገሠኝ። አባዬን እፈራቸዋለሁ።»

ካሜራውን አንጠልጥሎ ወጣ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ታላቅ እህቱ ደወለች። ሞተር ሳይክል ገጭቶት ጭኑ ተሰብሯል።

ሆስፒታል ስትደርስ አልጋው ላይ ሆኖ አያት። «የተሰበርኩት እኔ፣ የገረጣሽው አንቺ!» አለ። ልትስቅለት ሞከረች።

ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙ እህቱን አነጋገራት። «ትልቅ አጥንት ሲሰበር ከመቅኔው የስብ ጠብታ ወደ ደም ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። አንዳንዴ ግን የሳንባን ቀጫጭን የደም ሥር ይዘጋል። ስለዚህ በቅርብ እንከታተለዋለን።»

«ስብ?» አለች እህቱ ግራ ገብቷት። «እሱ እኮ ቀጭን ነው!»

ጠብታ ጠባብ ቱቦ ሲዘጋ ፎቶ አንሺው የቀረጸላትን ምስል የምታውቅ ግን ተመራማሪዋ ብቻ ነበረች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

በማግስቱ ጠዋት ትንፋሹ ፈጠነ። ንግግሩ ተምታታ። እያያት «ማን ነሽ?» አላት። ወዲያው እየገፉ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዱት። ተከትላ ስትሮጥ ነርሷ በሩ ላይ አስቆመቻት።

«የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው። ለታካሚው ምኑ ነሽ?»

ከኋላዋ የምታውቀውን ሳል ሰማች። አባቷ ናቸው። «የሥራ ባልደረባዬ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል» ብላ ቤት ሳትገባ ስላደረች፣ ይበርዳታል ብለው ካፖርቷን ይዘው መጥተዋል።

«እጮኛው ነኝ» አለች። ዞራ ለማየት አልደፈረችም። በሩን ገፍታ ገባች።

አፍንጫና አፉን የኦክስጅን ጭንብል ሸፍኖታል። ደረቱ በተነሳ ቁጥር ይወርድ ይሆን ብላ ፈራች፤ በወረደ ቁጥር ይነሳ ይሆን ብላ ፈራች። ዓይኗን ስትጨፍን ጠብታዎቹ ይታዩዋታል። «እለፉ» አለቻቸው በለሆሳስ፣ «እባካችሁ እለፉ።»

አመሻሽ ላይ ስትወጣ አባቷ ከእህቱ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ካፖርቱ ጭናቸው ላይ ነው።

«እንዴት ነው ልጁ?»

«አላውቅም አባዬ። ፈራሁ።»

«እሱስ ይሁን። እኔንም ይህን ያህል ትፈሪኛለሽ እንዴ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ ላንቺ የማስፈራ ሰው ነኝ?»

እንባዋ ቀደማት። ተነስተው ካፖርቱን አለበሷት። «ግቢ። ብቻውን አትተዪው» አሉ።

ፍርሃቱ ለቀናት ዘለቀ። ከዚያ ትንፋሹ ረጋ፤ ጭንብሉ ተነሳለት፤ አንድ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ በቁልምጫ ጠራት። ደንግጣ እጁን ጨበጠች።

«እኚያ ከመስታወቱ ጀርባ የቆሙት ሰውዬ ማን ናቸው?» አለ ተዳክሞ። «ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።»

«አባቴ ናቸው።»

ዓይኑን ወዲያው ጨፈነ። «ተኝቷል በያቸው።»

በሩ ግን ተከፍቶ ነበር።

«ተኝተህም ቢሆን ስማኝ» አሉ አባቷ ከራስጌው ቆመው። «ቶሎ ዳንና ቤቴ ና። የምን መደባበቅ ነው!»

«እሺ አባባ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።